«ማን አየ?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ

ለሰባት ዓመት ልጅ አያቱ የተወለዱበት ዘመንም፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ዘመንም አንድ ነው፤ ሁለቱም «ድሮ» ናቸው። ከዚህ ተነሥተው ታሪክ ለትንንሽ ልጆች አይሆንም የሚሉ አሉ። የስዊዘርላንዱን ሊቅ የዣን ፒያዤን ሐሳብ የተከተሉ አጥኚዎች፣ ልጅ ለአቅመ ጉርምስና ሳይደርስ በታሪክ መንገድ ማሰብ አይችልም እስከ ማለት ደርሰው ነበር። አሜሪካዊው ጀሮም ብሩነር ደግሞ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ማንኛውም ዕውቀት እውነቱ ሳይጓደል ለየትኛውም ዕድሜ በሚመጥን መልክ ሊቀርብ ይችላል ሲል ተከራከረ። እኔ ከብሩነር ጋር ነኝ። እስከ ሰባት ቤት ዘር መቁጠር በለመደ ቤተሰብ ያደገ ልጅ፣ የአባቱን አባት፣ የእሱንም አባት እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ዓመተ ምሕረት ሳያውቅ ዘመን እየቆጠረ ነው።

ከዘመን ይልቅ የሚከብደው እውነት ነው። ልጅ ተረትን የሚለይበት ምልክት አለው። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል እሱም «የመሠረት» ብሎ ሲመልስ፣ አንበሳና ጦጣ የሚነጋገሩበት ዓለም ውስጥ እንደገባ ያውቃል። ታሪክ እንዲህ ያለ በር የለውም። ታዲያ መምህሩ ስለ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሲነግረው ተረት አለመሆኑን በምን ይወቅ? መምህሩ ስለ ተናገረው ብቻ ከሆነ፣ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ቢነግረውም እንዲሁ ያምናል።

ምልክቱ ምስክር ነው ብዬ አምናለሁ። በዚያ ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በወራሪው ጣሊያን ገዥ በግራዚያኒ ላይ የእጅ ቦምብ ወረወሩ፤ ተከትሎም የአዲስ አበባ ሕዝብ ለሦስት ቀን ተጨፈጨፈ። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው፤ ከጣሊያን ወገን የወጣው ግን ከዚህ እጅግ ያንሳል። አንዱን ቁጥር አስጠንቶ ማለፍ ይቀላል። ለአምስተኛ ክፍል ልጅ ግን ልዩነቱ ራሱ ትምህርት ነው፦ ማን ቆጠረ? መቼ? ቁጥሩ ቢያንስ የሚጠቀመው ማን ነው? በከተማው የነበረው ሃንጋሪያዊ ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ ያየውን ጽፎ መመስከሩን ሲሰማ፣ ከገዳይም ከተገዳይም ወገን ያልሆነ ሰው ቃል ለምን ክብደት እንዳለው ልጁ ራሱ ይደርስበታል። የአሟሟቱን ዝርዝር ለዚህ ዕድሜ መተው ተገቢ ነው። ሰዎች በግፍ መገደላቸውንና ማን እንዳስገደላቸው መሸፈን ግን ልጁን ማታለል ነው።

«መጀመሪያ አገሩን ይውደድ፣ መጠየቁ ሲያድግ ይደርሳል» የሚሉ መምህራን አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ያሰጋኛል። ስለ ጀግኖች ብቻ እየተነገረው ያደገ ልጅ፣ ባንዳም እንደነበረ ጎርምሶ በስልኩ ሲያነብ የሚጠራጠረው ያስተማሩትን ሁሉ ነው። እየጠየቀ የወደደ ልጅ ግን እንዲህ በቀላሉ አይናወጥም።

በእኛ ሥርዓተ ትምህርት ታሪክ ራሱን ችሎ የሚሰጠው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ከሌሎች ትምህርቶች ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። መምህራን፣ እስከዚያ አትጠብቁ። በሚቀጥለው ፈተና «መቼ ሆነ?» ከሚለው ጎን «ይህን እንዴት ልናውቅ ቻልን?» የሚል አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ ለመልሱም ማርክ ስጡ።