መዘክርና ዝክር

የጸሎት ቤት፥ ጸሎተኞቹ ከወጡ በኋላ ምን ይባላል? ግድግዳው ቆሞ፥ ሥዕሉ ደምቆ፥ በሩም ለተመልካች ተከፍቶ ሲገኝ ቤቱ አለ እንበልን ወይስ የለም? ይህ ጥያቄ በሩቅ አገር ስላለ ሕንፃ ብቻ የሚነሣ አይደለም። በሶዶና በመላው ወላይታ የምንገኝ ምእመናንም ልናስብበት ይገባናል። ዛሬ ጥንታውያን ገዳማትን ማየት የሚወድ ትውልድ ተነሥቷልና፤ መውደዱ መልካም ሲሆን፥ የማየት ፍጻሜው ምን እንደ ሆነ ግን መመርመር ያስፈልጋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ማርቆስ ገዳም ነው። ገዳሙ ከካቶሊካውያን ወገን የዶሚኒካውያን መነኮሳት ቤት ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ15ኛው መቶ ዓመት የከተማው ባለጸጋ ኮዚሞ ዴ ሜዲቺ ገንዘቡን ሰጥቶ፥ ሚኬሎዞ የተባለው የሕንፃ ሊቅ እንደ ገና ሠራው። ከማኅበሩ መነኮሳት አንዱ የሆነው ፍራ አንጄሊኮም በየመነኮሳቱ በዓት ግድግዳ ላይ የጌታችንን ሕይወትና ሕማም ሣለ። ሥዕሉን የሣለው አንድ መነኩሴ ብቻውን በበዓቱ ሲቆም ዐይኑ እንዲያርፍበት፥ ልቡም እንዲነቃበት ነበር።

ይህ ሥራ በሚሠራበት ዘመን የእኛም አገር ሰዎች በዚያች ከተማ ተገኝተዋል። በ1441 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፥ በኢየሩሳሌም የነበሩት የኢትዮጵያ መነኮሳት አለቃ አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው መልእክተኞች በፍሎረንስ ጉባኤ ተቀምጠው ነበር። በትምህርተ ሃይማኖት በእኛና በካቶሊካውያን መካከል ያለው ልዩነት የታወቀ ነው፤ አሁን የምንናገረው ግን ስለ ክርክሩ ሳይሆን ስለ ቤቱ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ገዳሙ የገባ እንግዳ በጸሎት የቆሙ መነኮሳትን ያገኝ ነበር። የዛሬው እንግዳ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ይገባል። የኢጣልያ መንግሥት በ1866 ባወጣው ሕግ የገዳማትን ንብረት ወርሶ ነበርና፥ ገዳሙ በ1869 ቤተ መዘክር ሆነ።

በዚያ ቤት በደረጃው ራስ ላይ የብሥራት ሥዕል አለ። በሥሩ የተጻፈው ቃል፥ በሥዕሉ ፊት የሚያልፍ ሁሉ የመልአኩን ሰላምታ ለድንግል ሳያቀርብ ዝም ብሎ እንዳያልፍ ያሳስባል። ጽሕፈቱ ዛሬም ይነበባል። ከሚያልፈው ተመልካች ግን ስንቱ ስለ ቀለሙ ብቻ ተደንቆ ይሄድ ይሆን? ግድግዳው ጸሎትን ይለምናል፤ የሚመልስለት ማን ነው?

እንዲህ ስንል ቤተ መዘክርን መንቀፋችን አይደለም። ጠባቂ ያጣ ቤት ዕጣው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ ጎርጎራ መመልከት ይበቃል። ኢየሱሳውያን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በጣና ሐይቅ ዳር ያሠሩት የማርያም ግምብ፥ ዐፄ ፋሲለደስ በ1632 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነግሠው ኢየሱሳውያኑን ካስወጡ በኋላ፥ ውሎ አድሮ ፈርሶ ዛሬ ፍርስራሹ ብቻ ይታያል። ስለዚህ የጥንቱን ሥራ ከጥፋት የሚጠብቅ ሁሉ ለሚመጣው ትውልድ ውለታ ውሏል።

ነገር ግን ቋንቋችን ራሱ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ። መዘክርና ዝክር ዘከረ ከሚለው ከአንዱ ግስ የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም ማሰብን ያመለክታሉ። ሆኖም መዘክር ያለፈውን በመስተዋት ውስጥ አኑሮ ያሳያል። ዝክር የቅዱሱን ስም ጠርቶ ጸበል ጸዲቁን ያቀርባል፤ ድኻውን ያበላል፤ የተጣሉትን በአንድ ገበታ ያስቀምጣል። በመዘክር ፊት ሰው ተመልካች ነው፤ በዝክር ፊት ግን ባለ ድርሻም ባለ ዕዳም ነው።

ይህን በወላይታ ካለችው ከደብረ መንክራት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ታሪክ እንረዳለን። የዳሞቱ ንጉሥ ሞተለሚ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን አስማርኮ እንደ ነበር፥ ጻድቁም በኋላ ወደዚያው ንጉሥ አገር ሄደው እንዳስተማሩትና እንዳጠመቁት ገድላቸው ይናገራል። እናቱን ለማረከ ሰው ልጁ ጥምቀትን ይዞለት ሄደ! የብራናውን መጽሐፍ በመስተዋት ውስጥ ከፍቶ ይህን ታሪክ ለጎብኚ ማሳየት ይቻላል። ነገር ግን በወሩ በ24ኛው ቀን ዝክሩን ይዞ፥ የበደለውን ጎረቤቱን ጠርቶ አብሮት የሚቈርስ አንድ የሶዶ ገበሬ፥ ብራናውን አንድ ጊዜ አይቶ ከሚያልፈው ይልቅ ታሪኩን ያውቀዋል።

ካቶሊካውያንም በዚሁ በወላይታ የሚያሳዩን ምሳሌ አለ። በአረካ የሚገኘው የዱቦ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ሕሙማንን ይቀበላል። የፍሎረንሱ ቤት ይታያል፤ የአረካው ቤት ያገለግላል። ከሁለቱ የመሥራቾቹን ሐሳብ ፈጽሞ የያዘው የትኛው እንደ ሆነ አንባቢው ይፍረድ።

ደግሞም ሁሉ ነገር ለዐይን የተሰጠ አይደለም። በለንደን በሚገኘው በብሪቲሽ ሙዚየም አብዛኞቹ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ 11 ጽላት አሉ፤ ሙዚየሙ ግን ለተመልካች አያወጣቸውም፤ ተሸፍነው ይቀመጣሉ። የወሰዱት እንኳ የማይታይ ቅዱስ ነገር መኖሩን ካወቁ፥ እኛ ባለቤቶቹ እንዴት ልንረሳው እንችላለን? ስለዚህ አለቆችና አስተዳዳሪዎች ሥርዓት ይለዩ፤ የሚቀደስበት ንዋየ ቅድሳት በመቅደሱ ይኑር። ከአገልግሎት የወጣውና ለትምህርት የሚሆነው ተመዝግቦ፥ በካህናት እጅ ተጠብቆ ይታይ። ለእንግዳ የሚያስረዳውም ወጣት አስቀድሞ ጫማውን አውልቆ መሳለምን ይማር፤ ያልጸለየበትን ቤት እንዴት ያስረዳል?

ደቀ መዛሙርቱ የቤተ መቅደሱን ሕንፃ ለጌታ ባሳዩት ጊዜ፥ እርሱ በድንጋዩ አልተደነቀም፤ እንደሚፈርስ ነገራቸው። ሐዋርያው ጳውሎስም የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ እኛ መሆናችንን አስተምሯል። እንግዲህ ከሁሉ የሚከፋው ሰው ራሱ ቤተ መዘክር ሲሆን ነው፤ ማተቡ በአንገቱ፥ ሥዕሉ በግድግዳው፥ የአባቱ ዳዊት በሣጥኑ እያለ፥ ጸሎቱ ግን ከልቡ የወጣ ሰው ነው። እርሱን የሚያስተዳድር የመንግሥት ሕግ የለም፤ በሩን የዘጋውም የሚከፍተውም ራሱ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ወደ ቀደሙት ቤቶች እንሂድ፤ እንይም፤ በልጆቻችንም እጅ ይዘን እናሳያቸው። ነገር ግን በሥዕሉ ፊት ዝም ብለን አንለፍ። የአባቶቻችን አምላክ መታሰቢያቸውን በአፋችን ብቻ ሳይሆን በገበታችንና በይቅርታችን እንድናጸና ይርዳን፤ አሜን።