በሰው መከራ መጫወት ይገባልን?



የሰው ልጅ ከፍርሃት የሚሸሽ ፍጡር ነው። ፍርሃትን ለማራቅ ቤት ይሠራል፤ በር ይቀረቅራል፤ መብራት ያበራል፤ ይጸልያል። ታዲያ ይኸው ከፍርሃት የሚሸሽ ፍጡር ገንዘብ ከፍሎና ወረፋ ጠብቆ፣ ሊደነግጥ ወደ ጨለማ ቤት የሚገባው ስለ ምንድን ነው? የሚደነግጥበትስ ቤት ቀድሞ ሌሎች ሰዎች በእውነት የተሠቃዩበት ቢሆን፣ ነገሩ ጨዋታ ሊባል ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ያስነሣብን ባለፈው ጥቅምት በመካከላችን የተደረገ ክርክር ነው። ክርክሩ ለአንድ ሳምንት ሰላምታ ያነፋፈገን ስለ ነበረ፣ ለሌሎችም ወጣቶች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ጻፍነው።

እኛ በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ የምንማር አራት የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ነን። እንደሚታወቀው በዚህ አገር ኦክቶበር 31 ቀን፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ገደማ፣ ሃሎዊን የሚባል በዓል አለ። ስሙ የወጣው በምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ኖቬምበር 1 ቀን ከሚውለው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአየርላንድ የተሰደዱ ሰዎች ልማዱን ይዘው መጡ፤ በአገራቸው በሥር አትክልት ላይ ይቀርጹት የነበረውን ፊት እዚህ በዱባ ላይ ቀረጹት። ሕፃናት ጭምብል አድርገው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይቀበላሉ፤ በቡሄ ሆያ ሆዬ ብሎ ሙልሙል የተቀበለ ሰው ይህን ሲያይ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። ትልልቆቹ ደግሞ ማታ ማታ ወደ ማስፈሪያ ቤቶች ይጎርፋሉ። በዓሉ ለክርስቲያን ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ስለ ሆነ ለመምህራኖቻችን እንተወዋለን። የእኛ ክርክር የተነሣው ስለ አንድ ቦታ ነው።

በከተማችን ኢስተርን ስቴት ፔኒቴንሸሪ የሚባል፣ ቁመቱ 30 ጫማ በሚያህል የድንጋይ ግንብ የተከበበ አሮጌ ወህኒ ቤት አለ። ጆን ሃቪላንድ የተባለ አርክቴክት ፕላኑን አውጥቶለት እ.ኤ.አ. በ1829 ተከፈተ። ያሳሰቡት ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም። እስረኛን ከመግረፍና ከሌሎች ጋር አጉሮ ከማበላሸት ይልቅ፣ ብቻውን ቢቀመጥና ቢሠራ፣ መጽሐፍ ቅዱስም ቢያነብ ይጸጸታል ብለው ያመኑ ነበሩ። ፔኒቴንሸሪ የሚለው ቃል ራሱ ንስሐ ከሚለው የወጣ ነው። ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱን እስረኛ ለየብቻው ዘጉበት። ብርሃን የሚያገኘው ከጣሪያው ላይ ካለ ቀዳዳ ነበር፤ ከክፍሉ ሲወጣም ማንንም እንዳያይ፣ ማንም እንዳያየው፣ ራሱ ላይ ሽፋን ያጠልቁለት ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በ1842 ጎብኝቶት፣ ይህ አእምሮን ቀስ በቀስ የሚጎዳ ብቸኝነት ከአካል ሥቃይ የከፋ መሆኑን ጻፈ። የብቸኝነቱ ሥርዓት በይፋ የቀረው በ1913 ሲሆን፣ ወህኒ ቤቱ የተዘጋው በ1971 ነው።

ከዚያ በኋላ ቦታው ለዓመታት ተተወና በቅጥሩ ውስጥ ዛፍ በቀለበት። በ1991 ለጥገናው ገንዘብ ለማግኘት በሃሎዊን ሰሞን የማስፈሪያ ትርኢት ተጀመረ፤ በ1994 ደግሞ ቤቱ በየዕለቱ በቀን ለጎብኚዎች ክፍት ሆነ። የማታው ዝግጅት እያደገ ሄዶ ከ2021 ወዲህ «ሃሎዊን ናይትስ» በሚል ስም ይታወቃል።

ባለፈው ጥቅምት ሦስታችን በአንድ ምሽት ሄድን። ጭምብል ያጠለቁ ተዋንያን ከጨለማ ውስጥ ብቅ ሲሉብን ጮኽን፤ እርስ በርሳችን ተያይዘን ሮጥን፤ ከወጣንም በኋላ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎን ነበር። አራተኛው ጓደኛችን ግን አልመጣም። በማግሥቱ እየተሻማን ስንተርክለት ዝም ብሎ ሰማንና፣ «እዚያ ከታሰሩት ሰዎች የአንዱን ስም እንኳ ታውቃላችሁን?» ሲል ጠየቀን። አላወቅንም። ከመካከላችን አንዱ፣ «ነገር አታክብድ፤ ጨዋታ እኮ ነው!» ቢለው ተነሥቶ ወጣ።

ምክንያቱን የነገረን ቆይቶ ነው። አያቱ በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ታስረው ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ሌሊት በር ሲከፈት ከእንቅልፋቸው ብንን ይላሉ። እርሳቸው በነበሩበት ክፍል በሌሊት በር የሚከፈተው ስም ለመጥራት ነበርና፤ ከተጠሩትም የተመለሱት ጥቂቶች ነበሩ።

እንግዲህ ክርክሩ እንዲህ ሆነ። የሄድነው ሦስት ምክንያት አቀረብን። አንደኛ፣ በፍርሃት መጫወት በራሱ ክፉ አይደለም አልን። ለዚህም ራልፍ ሊ የተባለ ጭምብል ሠሪ በ1970ዎቹ በኒውዮርክ፣ በግሪንዊች ቪሌጅ ሰፈር የጀመረውን የሃሎዊን ሰልፍ ጠቀስን። በ2001 በሴፕቴምበር ወር ያ ታላቅ አደጋ በከተማይቱ ላይ ከደረሰ ሰባት ሳምንት በኋላ፣ ሰልፉ ሳይቀር ተካሂዷል፤ ከዐመድ የምትነሣውን የፊኒክስን ወፍ ምስል ይዘው አደባባይ ወጥተዋል። በእውነት የፈራ ሕዝብ በጨዋታ ተጽናና። ሁለተኛ፣ ከማታው ትርኢት የሚገኘው ገንዘብ ሕንጻውን ለመጠገን ረድቷል፤ ሕንጻው ቢፈርስ ኖሮ ታሪኩን የሚጠይቅ አይገኝም ነበር። ሦስተኛ፣ ሙታን አይሰሙም፤ በሳቃችን የተጎዳ ማን ነው?

ጓደኛችን እንዲህ መለሰልን፤ «የኒውዮርክ ሰዎች የተጫወቱት በገዛ ፍርሃታቸው ነው፤ እናንተ የተጫወታችሁት በሌላ ሰው ፍርሃት ነው። ገንዘቡ መልካም መሥራቱን አልክድም፤ እናንተ ግን የሄዳችሁት ጣሪያ ለመጠገን ነበርን? ሙታንም ባይሰሙ በሕይወት ያሉ እስረኞች አሉ። የወህኒን ክፍል የጭራቅ ማደሪያ አድርጎ ማየት የለመደ ዓይን፣ ነገ እስረኛውን እንዴት አድርጎ ያየዋል?» ቀጥሎም በ2010 በመስቀል አደባባይ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አነሣ። በዚያ የሟቾቹ ፎቶግራፍና አፅም አለ። «በዚያ ቤት ማታ ማታ ጭምብል ለብሶ የሚያስደነግጥ ሰው ቢቀጠር ትኬት ትገዛላችሁን?» አለን።

መልስ አጣን። ይህን ስናስበው ይዘገንነናል፤ የፊላደልፊያው ግን አልዘገነነንም። ልዩነቱ ምንድን ነው? የአንዱ ሟቾች ወገኖቻችን ስለ ሆኑ፣ የሌላው ደግሞ ባዕዳንና የጥንት ሰዎች ስለ ሆኑ ብቻ ከሆነ፣ የሰው መከራ በርቀትና በዓመት ብዛት ይረክሳል ማለታችን ነው። ይህን ደግሞ አንዳችንም ደፍረን የምንለው አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አራታችንም በቀን ተመልሰን ሄድን። በ1829 መጀመሪያ የገባው እስረኛ ቻርልስ ዊልያምስ የተባለ ሰው እንደ ነበረ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። በግቢው ውስጥ 16 ጫማ ቁመት ያለው፣ በ2014 የቆመ የብረት ግራፍ አለ፤ በአሜሪካ የታሳሪው ቁጥር በየዘመኑ እንዴት እንዳደገ ያሳያል። ያ ቤት በቀን ሲታይ ስለ እስራት የሚያስተምር ቤት ነው። ማታ ስንስቅ ይህን ሁሉ አላየንም ነበር፤ ጥፋቱም የራሳችን ነው፤ በቀን መምጣት ይቻል ነበርና።

እዚያ ቆመን አንድ ነገር ተገለጠልን። በማታው ትርኢት ተዋንያኑ እንዲነኩት የፈቀደ ሰው አንገቱ ላይ የሚያበራ ምልክት ያደርጋል፤ ያልፈቀደ አይነካም። ለመውጣት የፈለገም ይወጣል። የጨዋታ ፍርሃት ማለት እንግዲህ በሩ ክፍት የሆነ ፍርሃት ነው። ሽፋን ለተጠለቀለት እስረኛ ግን ማንም ፈቃዱን አልጠየቀውም፤ በሩም አልተከፈተለትም። ለአያታችንም በሩ ቢከፈት ለሌላ ነገር ነበር። ስለዚህ ለመደንገጥ የከፈልን ሰዎች የእስረኛውን ፍርሃት ቀመስን ብንል ውሸት ነው፤ የቀመስነው ነፃነታችንን ነው። ይህን ያወቀ ሰው ምናልባት ማታ ገብቶ ሊስቅ ይችል ይሆናል፤ ያላወቀ ግን በማያውቀው ሰው ቁስል ላይ ይረግጣል።

አራታችን ዛሬም በሁሉም ነገር አልተስማማንም። ጓደኛችን በማታ ፈጽሞ አልገባም እንዳለ ነው። ከእኛ አንዱ በዓመቱ እንደገና እሄዳለሁ ይላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ በቀን የማያውቁትን ሰዎች ይዞ ሊሄድ ቃል ገብቷል። የተስማማንበት ይህ ነው፤ የሌላውን መከራ ሳያውቁ በስፍራው መሳቅ አይገባም፤ አውቆም ቢሆን በሕይወት ያለውን እስረኛ መርሳት አይገባም። የታሰረውን መጠየቅ ከሕፃንነታችን ጀምሮ የተማርነው ነው፤ ከመካከላችን ግን አንድም ቀን ወህኒ ቤት ሄዶ የጠየቀ አልነበረም። ለማስፈሪያው ቤት ግን ወረፋ ቆመናል።

በመጨረሻ ለጓደኛችን አያት ደውለን ነገሩን ሁሉ ነገርናቸው። ይቆጣሉ ብለን ፈርተን ነበር። እርሳቸው ግን ሳቁና፣ «ለመደንገጥ ስንት ከፈላችሁ ልጆቼ?» አሉን። ዋጋውን ስንነግራቸው፣ «እኔን በነፃ ነበር ያስተናገዱኝ» አሉ። ሳቅን፤ ወዲያውም ዝም አልን። ቀጥለው በዚያ ክፍል አብረዋቸው ታስረው የነበሩትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጠሩልን፤ እኛም ወረቀት አውጥተን ጻፍን።