አደጋን አስቀድሞ መናገር ሟርት ነውን?

በገጠር መንደሮቻችን አንድ ሰው «ይህ ተራራ አንድ ቀን ይናድ ይሆናል» ቢል፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «አታሟርት!» የሚል ነው። ክፉን መናገር ክፉን መጥራት ስለሚመስለን ዝምታን እንደ ጥበብ እንቆጥራለን። እንግዲህ ሊመጣ የሚችልን አደጋ አስቀድሞ መመርመርና መናገር የእምነት ጉድለት ነውን? ወይስ የፍቅር ግዴታ?

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. አጋማሽ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ የደረሰውን ሐዘን እናስታውሳለን። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ መሬቱ ተንሸራትቶ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። ጎረቤቶች የተቀበሩትን ለማውጣት በአካፋና በባዶ እጃቸው ሲረባረቡ፣ ተዳፋቱ ዳግመኛ ተናደባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም ሌላውን ለማዳን የመጡ ነበሩ። መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎችም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ።

እነዚህን ሰዎች ማን ሊነቅፍ ይችላል? ጌታችንም የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ነበሩ የሚለውን አሳብ አልተቀበለም። ስለዚህ ጥያቄያችን «እነርሱ ምን በደሉ?» የሚል ሳይሆን «ከእኛ ምን ይጠበቃል?» የሚል ሊሆን ይገባል። አንድ ጊዜ የተናደ ተዳፋት ገና እንዳልረጋና ሁለተኛ ናዳ ሊከተል እንደሚችል በየቁምስናችን ስንቶቻችን እናውቃለን?

የአደጋን ስጋት መመዘን ትንቢት መናገር አይደለም። ሦስት ነገሮችን በቅንነት መጠየቅ ነው፤ ምን ሊደርስ ይችላል? በሚደርስበት ስፍራ ማን ይኖራል? ያ ሰው አደጋውን የሚቋቋምበት ምን አቅም አለው? በተዳፋት ላይ የታየ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ፣ በድንገት የደፈረሰ ወይም ባልነበረበት ስፍራ የፈለቀ ምንጭ፣ መሬቱ መንቀሳቀስ ለመጀመሩ ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህንንም ከባለሙያው አስቀድመው የሚያዩት እረኛው፣ ውኃ ቀጂዋና አራሹ ናቸው። አገራችን በ2005 ዓ.ም. ያወጣችው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ፣ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ ይልቅ ስጋትን አስቀድሞ መቀነስን ዓላማው አድርጓል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ነው።

ነገር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ገበሬው በገደል ሥር ጎጆ የሚቀልሰው ሁልጊዜ አደጋውን ስላላወቀ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሌላ መሬት ስለሌለው ነው። «የምትኖርበት ቦታ አደገኛ ነው» ብለን ነግረነው ወደ ቤታችን ብንመለስ፣ ከጭንቀት በቀር ምን ሰጠነው? ስጋቱን ያወቀ ሁሉ ዕዳ ገብቷል። አስተዳዳሪው መሬት የመፈለግ፣ ባለሙያው እውነቱን ሳይሸሽግ የማስረዳት፣ ጎረቤትም በክፉ ሌሊት ደጁን የመክፈት ዕዳ አለበት። እውቀት ብቻውን ቀዝቃዛ ነው፤ ፍቅርም ያለ እውቀት ራሱን ለናዳ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱ ሊለያዩ አይገባም።

ስለዚህ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ክረምት ከመግባቱ በፊት ከሽማግሌዎች ጋር መንደራቸውን ዞረው ቢያዩ መልካም ነው። ዝናብ ሲበረታ ወዴት እንደሚሸሽ፣ አረጋውያንንና ሕሙማንን ማን እንደሚሸከም፣ ሌሎች ሲቆፍሩ ተዳፋቱን ማን ቆሞ እንደሚጠብቅ አስቀድመው ይነጋገሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን በእግዚአብሔር ጥበቃ ሳያምኑ ቀርተው አይደለም፤ የባልንጀራን ሕይወት መጠበቅ ለእኛም የተሰጠ አደራ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ስለ ተራራው የሚያስጠነቅቀንን ሰው «አታሟርት!» አንበለው፤ «ና፣ አሳየን» እንበለው።