የአደጋ ምርመራና «ቀኑ ደርሶ ነው»

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ገጠር፣ በአደጋ የሞተ ሰው ለቅሶ ላይ ቶሎ የሚሰማው ቃል «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ነው። መኪናው ሰበብ ነው፤ እሱ ባይገለበጥ ሌላ ሰበብ አይጠፋም ይባላል። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም። የአደጋ መርማሪ ሥራ የሚጀምረው ግን ለቅሶ ቤቱ ነገሩን በዘጋበት ቦታ ነው፤ ሰበብ ተብሎ የታለፈውን አንሥቶ ብሎን በብሎን ይፈታዋል። ይህ ከእግዚአብሔር ጋር መሟገት ይሆን?

መጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄውን አይሸሸውም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለገደላቸው 18 ሰዎች ሲነሣ፣ ክርስቶስ ሟቾቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ነዋሪ የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ይናገራል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣሪያው መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ ሳያበጅ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ ነው። የሞትን ቀን የሚያውቅ አምላክ መከታውን የመሥራት ግዴታ ለሰው ትቶታል። እንግዲህ መከታው የቱ ጋ እንደጎደለ የሚፈልግ ሰው ትእዛዝ ይፈጽማል እንጂ አይዳፈርም።

ለጎጃም ሰው ቅርብ የሆነው ምሳሌ የባሕር ዳሩ የአውሮፕላን አደጋ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከመሬት እንደተላቀቀ ክንፋቸው ነጠብጣብ ያለበት ርግቦች መንጋ ውስጥ ገባ። ወፎቹ ሁለቱንም ሞተሮች መቱ፤ አውሮፕላኑ ወደ ማረፊያው ሊመለስ ሲል ጉልበት አጣ። አብራሪዎቹ ጎማ ሳይዘረጉ በሆዱ አሳረፉት፤ እሳት ተነሣ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። «ቀኑ ደርሶ ነው» ለማለት ከዚህ የሚመች አደጋ የለም፤ ርግብ አትከሰስም። መርማሪ ግን እንዲህ ባለ አደጋ ፊት ሌላ ነገር ይጠይቃል። ወፎቹን ወደ ሜዳው ምን ሳባቸው? በአጥሩ ዳር የፈሰሰ እህል አለ? ሣሩ መቼ ታጨደ? ከበረራው በፊት ማኮብኮቢያውን ዞሮ ያየ ሰው ነበር?

የ1944ቱ (እ.ኤ.አ.) የቺካጎ ስምምነት 13ኛ አባሪ የምርመራው ብቸኛ ዓላማ ሌላ አደጋ መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መለየት እንዳልሆነ ይደነግጋል። በቀድሞው አፈርሳታ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ አጥፊው እስኪታወቅ አይበተንም ነበር፤ አጥፊው ሲወጣ ጉዳዩ ያልቃል። የአቪዬሽን ምርመራ እዚያ ላይ አያልቅም። አብራሪው ከተሳሳተ፣ ያን ጊዜ ስህተቱ ትክክል የመሰለው ለምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ለዚህም፣ ሰው ሳይፈራ መናገር ይኖርበታል። የንስሐ አባት የሰማውን ለዳኛ ቢያወራ ማንም አይናዘዝለትም፤ በአብራሪዎች ክፍል የሚቀዳው ድምፅ ልዩ ጥበቃ የተሰጠውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። የበረራ ሥልጠና ረዳት አብራሪው ካፒቴኑን «ተሳስተሃል» ብሎ እንዲያርም ያለማምዳል። በታላቅ ፊት ዝም ማለት ጨዋነት በሆነበት አገር ላደገ ልጅ ይህ ከመሪ አያያዙ የሚከብድ ትምህርት ሳይሆን አይቀርም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ሲበር በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ያለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302 በረራ ለዚህ ጥፋተኛ ያለመፈለግ ሐሳብ ከባድ ፈተና ነበር። ያን ሰሞን አንዳንድ የውጭ ዘገባ የረዳት አብራሪውን የበረራ ሰዓት ማነስ አነሣ። የመረጃ መቅጃው አውሮፕላኑ አየሩን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚለካው የግራ ዳሳሽ 74.5 ዲግሪ፣ የቀኙ 15.3 ዲግሪ ማንበባቸውን አሳየ፤ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት የሰማው የግራውን ብቻ ነው። ከአራት ወር ተኩል በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ በዚሁ ሥርዓት የተነሣ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት የዳሳሹን ብልሽት ከኤሌክትሪክ ችግር ጋር ሲያያይዘው፣ አሜሪካኖቹ መርማሪዎች ምናልባት ወፍ መትቶት ይሆናል አሉ፤ እነሱም ፈረንሳዮቹም የአብራሪዎቹ አያያዝ በቂ ትኩረት አላገኘም ሲሉ ተቃወሙ። ከአንድ መቅጃ የተለያየ ታሪክ ወጣ። ጥፋተኛ አልፈልግም የሚል ምርመራም ሚዛኑን የሚይዘው ሰው ነው፤ ሰውም አገርና ፋብሪካ አለው።

ወደ ተነሣንበት የመንገድ አደጋ ስንመለስ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ሲመሽ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ከገበያ የሚመለስ እግረኛ፣ የሚነዳ ከብትና እህል የጫነ አይሱዙ አንድ መስመር ይጋራሉ። ሰው ሲሞት የትራፊክ ፖሊስ ሜትር ዘርግቶ የፍሬን ምልክቱን ይለካል፤ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት መግደልን ይቀጣል። መቅጣቱ ተገቢ ነው፤ የደም ዕዳን ኦሪትም አልሰረዘውም። ነገር ግን ሾፌሩ ታስሮ ጋሪው በማግሥቱ ያለ መብራት ይወጣል። ለቅሶ ቤቱ ማጽናኛውን ይያዝ፣ ፍርድ ቤቱም ይፍረድ፤ የየወረዳው አስተዳደር ግን በመንገድ ለሞተ ለእያንዳንዱ ሰው ከክሱ የተለየ፣ ማንም ሳይፈራ ቃሉን የሚሰጥበት ሁለተኛ መዝገብ ይክፈት።