ከሻፌታው በኋላ

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሀዋሳ ውስጥ ድምፅ የሰጠ ሰው በወረቀቱ ላይ ሁለት ሥዕል አገኘ፤ ሻፌታና ጎጆ። ሻፌታው ሲዳማ የራሱን ክልል ይመሥርት፣ ጎጆው በደቡብ ክልል ውስጥ ይቆይ ማለት ነበር። ከ98 በመቶ በላይ ሻፌታን መረጠ። የሚገርመው ሻፌታ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚበላበት ገበታ መሆኑ ነው፤ የመለያየት ምልክት ሆኖ የቀረበው አብሮ መብያ ነበር። በሰኔ 2012 ሲዳማ 10ኛው ክልል ሆነ። ወረቀቱ ያልጠየቀው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ አብሮ የሚኖር ሕዝብ ሥልጣን ተካፈለ ሲባል የተካፈለው ምንድን ነው?

አንዱ መልስ ወንበር ነው። ድሬዳዋ ለዓመታት በ40፣ 40፣ 20 ቀመር ኖራለች፤ አርባው ለኦሮሞ፣ አርባው ለሶማሌ፣ ሀያው ለቀረው ሁሉ። ቀመሩ አንዱ ሌላውን እንዳይውጥ ያግዳልና አላቃልለውም። ነገር ግን አባቷ ኦሮሞ፣ እናቷ ሶማሌ የሆነች የድሬ ልጅ በየትኛው አርባ ትቆጠር? ወገኔ ወንበር ስለያዘ እኔ ሥልጣን አገኘሁ ማለት ነው? ቀመር ይህን አይመረምርም፤ ይቆጥርና ያርፋል።

ሀዋሳ ላይ ከወንበሩ የሚቀድም ክርክር አለ፤ ከተማዋ የማን ናት የሚል። ሲዳማው «የእኔ» ሲል ስስት ብቻ አድርጎ የሚሰማው ሰው ታሪኩን ዘሏል። በሽግግሩ ዘመን ሲዳማን የያዘው ክልል 8 ከሌሎች አራት ክልሎች ጋር ተጨፍልቆ ደቡብ ተባለ። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የከተማዋ አስተዳደር ሊቀየር ነው ሲባል ለተቃውሞ የወጡ ሰዎች ከከተማዋ አጠገብ ሎቄ ላይ በጥይት ወደቁ። አንዴ የተነጠቀ ሰው ዳግም እንዳይነጠቅ አጥብቆ ቢይዝ አይፈረድበትም።

በሌላ በኩል ከተማዋ በ1950ዎቹ ስትቆረቆር ጀምሮ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ቀብሮ ኖሮባታል። አሞራ ገደል ዓሣ የሚበልተው ጎረምሳ በሲዳምኛ ተከራክሮ፣ በወላይትኛ ቀልዶ፣ በአማርኛ ሒሳብ ይቀበላል። በሰኔ 2010 በከተማዋ በተነሣው ግጭት ሰው ሲገደልና ሺዎች ሲፈናቀሉ፣ ብዙ የወላይታ ተወላጆች የዕድሜ ልክ ነዋሪነታቸው በአንድ ቀን የእንግድነት ሆነባቸው።

አንዱ በትዝታ፣ ሌላው በኑሮ ይሞግታል። ሁለቱ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ በመቶኛ ሊያስማማቸው የሚሞክር ሁሉ የሚስተው ይህን ይመስለኛል። ባለቤትነት የእኔ ወይም የአንተ ነው። መወሰን ግን ሁለታችንም ልንገባበት እንችላለን። ባለቤቱ ማን እንደሆነ አስቀድመን ከደነገግን ሌላው የሚያገኘው ድርሻ ችሮታ ይሆናል፤ ችሮታ ደግሞ የሰጠው ሲከፋው ይነሣል።

መለያየትም ቢሆን ጥያቄውን አይዘጋም። የደቡብ ክልል ሀዋሳን ለሁለት የምርጫ ዘመን መቀመጫው አድርጎ እንዲቆይ ታስቦ ነበር፤ ክልሉ ራሱ በ2015 ፈረሰ። ከእሱ የወጣው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫውን ለሶዶ፣ ለአርባ ምንጭ፣ ለዲላና ለሌሎችም አከፋፈለ። ከተሞቹን ማስደሰቱ አልከፋም፤ የአውቶቡስ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ባለጉዳዩ ነው።

የሲዳማ ሽማግሌዎች አፊኒ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሸንጎ ላይ የሚናገር ሰው «ሰማችሁ?» እያለ ይጠይቃል፤ ሳይሰማ የቀረ ካለ ነገሩ አይቋጭም። እዚህ የሚከፋፈለው መደመጥ ነው፤ ለአንዱ ሲበዛ ለሌላው አያንስም። ይህ ሥርዓት ያደገው በዘመዳሞች መካከል መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ፈተናውም እዚያው ላይ ነው። የሀዋሳ ሹማምንት ስለ መሬት፣ ስለ ትምህርት ቤት ቋንቋ፣ ስለ ቀበሌ ቤት ከመወሰናቸው በፊት ወላይታውን ነጋዴና ጉራጌውን ተከራይ እንደ ራሳቸው ሰው ጠርተው «ሰማችሁ?» ይበሏቸው። መልሱንም ቁጭ ብለው ይስሙ።