አንዴ ፈቀቅ

ተረት ተረት። የላም በረት።

በአንድ ክፉ በጋ የስማዳ ቆላ በሰደድ እሳት ነደደ። እመት ጃርት ልጆቿን አስከትላ ከበሺሎ ገደል ሽቅብ ተሰደደች። እግሯ ተላልጦ፣ ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቆ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጋይንትንና እስቴን ቁልቁል ከሚያየው ጉና ተራራ ደረሰች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

«ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ መሽቶብኛልና አሳድሩኝ!»

የጉና ጭላዶች ሲመሽ ከገደሉ ወገብ ተጠጋግተው ነው የሚያድሩት። ወዲያው ሸንጎ ተቀመጡ። ሽኮኮ «መጀመሪያ ዋስ ትጥራ» አለ። ቁራ «ዛሬ እሷን ብናስገባ ነገ ቆላው ሁሉ ይመጣል!» ብሎ ጮኸ። ጎፈሬያሙ አያ ጭላዳም ደረቱን ነፍቶ «እኛ ተቃቅፈን ነው የምንተኛ፤ እሾሃሟን ማን ያቅፋታል?» አለና፣ ነገሩን የቆረጠ መስሎት ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። የተቀመጠው ግን ከትንሹ ጃርት ላይ ነበር።

«ዋይ ቂጤን! ዋይ ቂጤን!»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። እመት ጃርት ብቻ አልሳቀችም። ልጇን ከሆዷ ሥር ሸሸገችና «ጌታዬ፣ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሲፈራ ነው እሾሁ የሚቆመው» አለች።

ያን ጊዜ አንድ የጭላዳ ልጅ ተነሣ። «አባባ፣ ሣር ለመንጨት ስንል ቀኑን ሙሉ በቂጣችን ስንንፏቀቅ እንውል የለም? ለእንግዳ አንዴ ፈቀቅ ብንል ምን እንሆናለን?»

አያ ጭላዳ መልስ አጣ። ቂጡን እያሻሸ ፈቀቅ አለ። ሚስቱ ፈቀቅ አለች። አጎቶች፣ አክስቶች፣ ሽኮኮም ሳይቀር፣ ሁሉም ፈቀቅ ፈቀቅ ሲል ቁራ ሳይወድ በግዱ ከጠርዙ ደረሰ። ትንሹ ጃርት ከመካከላቸው ገብቶ ሞቀውና እንቅልፍ ወሰደው፤ እሾሁም አብሮት ተኛ።

ይህን ተረት ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ልጆች የምትነግሩ ወላጆችና መምህራን፣ ስቀው ሲያበቁ ቀጥሉላቸው። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲገባ ልጅ አዝሎ የሸሸው የገዛ አገራቸው ሰው ነበር። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት ያመለጡ እናቶች በመተማ በኩል ወደ እኛ ገብተዋል። በ2013 የሸሻችሁ ሁሉ፣ በዚያ ማታ በሩን የከፈተላችሁን ሰው ስሙን ጠርታችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ።