ስለ አስማት ትምህርት ቤት የተጻፈን ልብ ወለድ ማንበብ ኃጢአት ይሆናልን?

በዚህ ዘመን በእንግሊዝኛ ቋንቋ ለወጣቶች ከሚጻፉት ልብ ወለድ ታሪኮች ብዙዎቹ፣ አስማተኞች መምህር ተሾሞላቸው ዓመት እየቈጠሩ ስለሚማሩበት ቤት የሚናገሩ ናቸው። መጻሕፍቱም በከተማ ወዳሉት ክርስቲያኖች ቤት ገብተዋል። ልጁ ሌሊት በመብራት ሲያነብ ያገኘው አባት ወደ ንስሓ አባቱ ሄዶ «ልቀማውን ወይስ ልተወው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን ቀላል አይደለም። አስማት በሕገ እግዚአብሔር የተከለከለ መሆኑን የማያውቅ ካህን የለም፤ የሚያጠራጥረው፣ የተከለከለውን ነገር በተረት መስማት እንደ ማድረግ ይቈጠር እንደ ሆነ ነው።

ያቃጠሉም አሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት በአላሞጎርዶ ከተማ፣ አንድ የክርስቲያኖች ማኅበር «ሃሪ ፖተር» የተባለውን መጽሐፍ ሰብስቦ በእሳት አቃጠለ። ይህን ለሚያደርጉ ሰዎች ምስክር የሚመስላቸው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ነው፤ በኤፌሶን ዋጋው 50,000 ብር የሆነ የአስማት መጽሐፍ ተቃጥሏልና። ነገር ግን ንባቡን ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ በዚያ ያቃጠሉት ሲሠሩበት የኖሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ መጻሕፍቱም የሥራ መጻሕፍት እንጂ የተረት መጻሕፍት አልነበሩም። በአገራችንም አንዳንድ ደብተራ ስመ አጋንንት ጽፎ በድብቅ የሚይዘው ጥራዝ ከዚያ ወገን ነው። ልብ ወለዱን ግን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው፣ ራስ ምታት እንኳ የሚያስለቅቅበት ቃል አያገኝበትም።

ከዚህም በላይ ነቢዩ ዳንኤል አለ። ናቡከደነፆር ከይሁዳ የማረካቸው ልጆች የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ 3 ዓመት እንዲማሩ አዘዘ፤ ያም ትምህርት ሕልም ፈቺዎችና አስማተኞች የሚከበሩበት አገር ትምህርት ነበረ። ዳንኤል እምቢ ያለው ማዕዱን ነው፤ ትምህርቱን እምቢ እንዳለ አልተጻፈም። ኋላም ንጉሡ የባቢሎንን ጠቢባን ሊያስገድል ባዘዘ ጊዜ፣ እንዳይገደሉ የለመነላቸው እርሱ ነው። እንግዲህ የባዕድን ጥበብ ታሪክ ማወቅ ብቻውን ሰውን የሚያረክስ ቢሆን ኖሮ ዳንኤል ባልተመሰገነ ነበር።

ከእነዚህ ልብ ወለዶች ሊመረመር የሚገባው ወይዘሮ ኡርሱላ ለግዊን በ1968 ያሳተሙት «የምድረ ባሕር አስማተኛ» የተባለው ነው። ጌድ የሚባል የአንጥረኛ ልጅ መጀመሪያ ለኦጊዮን ደቀ መዝሙር ይሆናል። ኦጊዮን ዝናምን በቃሉ መመለስ ሲችል ዝም ብሎ በዛፍ ሥር የሚበሰብስ፣ ለልጁም የቅጠል ስም ብቻ የሚያስተምር መምህር ነው። ልጁ ግን ኀይልን ቶሎ ፈልጎ ትቶት ሄደ፤ በሮክ ደሴት ወዳለው ታላቅ ትምህርት ቤትም ገባ። በዚያ ከመምህራኑ አንዱ በብቸኛ ግንብ ተቀምጦ የነገሮችን እውነተኛ ስም ያስተምራል፤ የስሞቹም ዝርዝር የተጻፈበት ቀለም በእኩለ ሌሊት ይጠፋልና ተማሪው ከዚያ በፊት በቃሉ ማጥናት አለበት። በቅኔ ቤት ግሥ ሲያወርድ ያደረ ሰው ይህን ሲያነብ ሳይስቅ አይቀርም።

ጃስፐር የሚባል ባልንጀራው በናቀው ጊዜ ጌድ ችሎታውን ለማሳየት ከሞተች ብዙ ዘመን የሆናትን ሴት ከሙታን ጠራ። ከእርስዋም ጋራ ስም የሌለው ጥላ ወጥቶ ፊቱን ቧጠጠው፤ የትምህርት ቤቱ አለቃ ሽማግሌው ኔመርል የተከፈተውን በር ሲዘጋ ኀይሉ አልቆ ሞተ። አንባቢ ሆይ፥ ይህ ሁሉ የሆነው ለአንድ ስድብ መልስ ለመስጠት ነው። በጉባኤ ቤት መካከል ባልንጀራውን በቅኔ ለማዋረድ ሲል የመምህሩን ልብ ያሳዘነ ተማሪ አልታየምን?

በመጽሐፉ ነቀፋ የለበትም ማለት ግን አይደለም። በዚያ ዓለም ፈጣሪን የሚለምን የለም፤ ያለው የነገሮች ሚዛን ብቻ ነው። ደራሲዋ የቻይናውን የላኦ ትዙን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ያዘጋጁ ናቸውና አሳቡ ከዚያ ወገን መሆኑ አያስደንቅም። ስለዚህ ጌድ ከበደለ በኋላ የሚናዘዝበት የለውም፤ የኔመርልንም ነፍስ በጸሎት የሚያስብበት የለውም። ጥላውን እስከ ባሕር ዳርቻ አሳዶ በገዛ ስሙ ይጠራዋል፤ አንድ ይሆናሉም። ክፋትን ከራሱ ውጭ አለመፈለጉ መልካም ነው፤ ሥርየት ግን ከማን እንደ መጣለት አይነገርም። የሮክ ትምህርት ቤት ሴት የማይቀበል መሆኑንም ደራሲዋ ኋላ በ1990 ባወጡት መጽሐፍ መልሰው መርምረውታል፤ እማሆይ ገላነሽ በጎጃም ቅኔ ማስተማራቸውን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ የዘገየ ነው።

«ሃሪ ፖተር» ደግሞ ሌላ ጉድለት አለበት። ኀይሉ በልደት የሚገኝ ስለ ሆነ፣ የሌለው ሕዝብ ለመሣቂያ ይቀራል፤ በደም ንጽሕና የሚመኩትን መጽሐፉ ራሱ ቢነቅፍም፣ ልጁ ሳያውቀው ጎረቤቱን መናቅ ሊማርበት ይችላል። ይህ ከድግምቱ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራ ነው።

እንግዲህ ያ አባት መጽሐፉን ከመቀማቱ በፊት ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ «ኔመርል ስለ ማን ሞተ?» ብሎ ይጠይቀው። ልጁ ስለ ጌድ ትዕቢት ነው ብሎ ከመለሰ መብራቱን ይተውለት፤ ስለ ጥላው ብርታት ብቻ የሚያወራ ከሆነ ግን አባት መጽሐፉን ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮት ያንብብ።